ሰምና ወርቅ በጥርስ ላይ
የዶክተር ዊልያም ታጋርት ሕይወትና ሥራ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናን ዳርቻ በመከተል ወደ ዘጌ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ዘውዶችንና መስቀሎችን ተጠብቀው ያገኛል። በአገራችን ከነሐስና ከመሰል ማዕድናት ከተሠሩት ጥንታውያን መስቀሎች ብዙዎቹ በሰም አማካይነት የተገኙ ናቸው። አንጥረኛው አስቀድሞ መስቀሉን በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታም የቀለጠው ማዕድን ይገባል። የቅኔ ሊቃውንት የሚታየውን ቃል ሰም፣ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ ብለው የሰየሙት ከዚሁ የእጅ ሥራ በተገኘ ምሳሌ ነው። በቅኔ ቤቶቿ ለታወቀችው ለጎጃም ይህ አነጋገር የዘወትር ቋንቋ ነው።

ይኸው ጥበብ ከአንጥረኛው ምድጃ ወጥቶ በጥርስ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥና በዓለም ዙሪያ እንዲታወቅ ያደረጉት አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዶክተር ዊልያም ሄንሪ ታጋርት ናቸው። ዛሬ ክራውን የሚባለውን የጥርስ ሽፋን የሚሠሩ ባለሙያዎች ሰሙን በእጅ መቅረጽ ይሻላል ወይስ በኮምፒዩተር እያሉ ይከራከራሉ። የኒህ ሰው ታሪክ ለዚህ ክርክር ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታጋርት በ1855 ተወለዱ። በዚያው ዓመት ሮበርት አርተር የተባሉ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ስስ የወርቅ ቅጠል ሲቀጠቀጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ አካል የሚሆንበትን ዘዴ ለሙያ ጓደኞቻቸው አስተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ በትልቁ የተቦረቦረን ጥርስ በወርቅ ለመሙላት የታወቀው መንገድ ይኸው ነበር። ሐኪሙ ቅጠሉን በትንሽ በትንሹ እየጨመረ በታካሚው አፍ ውስጥ ይቀጠቅጣል፤ ታካሚውም አፉን ከፍቶ ብዙ ሰዓት የመዶሻውን ምት ይታገሣል። ሥራው ሲያምር እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን የሐኪሙን እጅ ያዝላል፣ የታካሚውን ትዕግሥት ይጨርሳል። ታጋርት ሙያቸውን በቺካጎ ከተማ ሲያካሂዱ ይህን ድካም በየቀኑ ያዩት ነበር።

በጥር 15 ቀን 1907 ዶክተር ታጋርት በኒው ዮርክ ከተማ በጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ፊት ቀርበው ለብዙ ጊዜ ሲሞክሩት የቆዩትን ሥራ አሳዩ። ነገሩ ሲገለጽ ቀላል ነው። የተቦረቦረው ጥርስ ከተስተካከለ በኋላ ለስላሳ ሰም ይሞላል፤ ታካሚው ነክሶ የላይኛው ጥርስ መልክ በሰሙ ላይ ይታተማል፤ ሐኪሙም ትርፉን ይቀርጻል። ከዚያም ሰሙ ከጥርሱ ወጥቶ ቀጭን ሽቦ ይተከልበትና እሳት በሚችል የሲሊካና የጀሶ ድብልቅ ይሸፈናል። ድብልቁ ከደረቀና ሰሙ በእሳት ከጠፋ በኋላ ወርቁ ይቀልጣል፤ የታመቀ ጋዝም ገፍቶ ወደ ባዶው ቦታ ያስገባዋል። ሰዓታት ይወስድ የነበረው ቅጥቀጣ ከታካሚው አፍ ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ የሚፈጸም ሥራ ሆነ። ስብሰባውን የተከታተሉት ሐኪሞች እጅግ ተደነቁ፤ ዜናውም በአጭር ጊዜ ውስጥ በሙያው ዓለም ሁሉ ተሰማ።

ይሁን እንጂ ሥራው ከሰሙ በታች የተሰወረ ችግር ነበረው። የቀለጠ የወርቅ ቅይጥ ሲጠነክርና ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ይኮማተራል። ስምንት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ ላይ ይህ ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ በላይ ነው። ይህን ያህል የጠበበ ሽፋን በጥርሱ ላይ አልቀመጥ ይላል፤ የተከፈተ ጠርዝ ያለው ደግሞ ምራቅና ተሕዋስያን አስገብቶ ጥርሱን ከሥር ያበሰብሳል። መፍትሔው የተገኘው ከ1907 በኋላ በተከታታይ በተደረገ ምርምር ነው። ወርቁ የሚኮማተረውን ያህል ሰሙን የሚሸፍነው ድብልቅ አስቀድሞ እንዲለጠጥ ማድረግ እንደሚገባ ታወቀ። በዋሽንግተን የነበረው የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያዎች ቢሮ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ያካሄደው ጥናት ይህን ዕውቀት በቁጥር አጸናው። አንድ ሰው የጀመረውን ብዙዎች ፈጸሙት ማለት ነው።

የታጋርት ሐዘንም የመጣው ከዚሁ ከብዙዎቹ ጋር በነበራቸው ግንኙነት ነው። ዘዴያቸውን በፓተንት አስመዝግበው ነበርና፣ ያለ ፈቃዳቸው በሠሩት የጥርስ ሐኪሞች ላይ ክስ አቀረቡ። ለብዙ ዘመን የደከመ ሰው የድካሙን ዋጋ መጠየቁ የሚያስወቅሰው አልነበረም። ነገር ግን በክርክሩ መካከል ከዚያ በፊት ያልታሰበ ማስረጃ ቀረበ። ቢ. ኤፍ. ፊልብሩክ የተባሉ፣ በአዮዋ ክፍለ ሀገር ዴኒሰን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ የጥርስ ሐኪም፣ ተመሳሳዩን ዘዴ በ1897 ለክፍለ ሀገራቸው የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በጽሑፍ አቅርበው ኖሯል። ጽሑፉ በማኅበሩ መድበል ታትሞ ለዐሥር ዓመት ያህል የሚያስታውሰው ሳያገኝ ተቀምጦ ነበር። ፍርድ ቤቱም ይህን አይቶ የታጋርትን ፓተንት ሻረ።

ፍርዱ ለሁለቱም ሰዎች መራራ ትምህርት ነበረበት። ፊልብሩክ ቀድመው ቢጽፉም፣ ጽሑፋቸው ከማኅበራቸው አልፎ የሌሎችን እጅ ሊያሠራ አልቻለም። ታጋርት ደግሞ በአደባባይ አሳይተው ዓለምን ካስተማሩ በኋላ ያስተማሩትን ሊቆልፉ ፈለጉ፤ ቁልፉም በእጃቸው አልቀረም። ዶክተር ታጋርት በ1933 ዐረፉ። ከፓተንታቸው ገንዘብ ይልቅ ስማቸውን ያቆየላቸው በዚያ በጥር ቀን ያሳዩት ሥራ ሆነ።

ወርቁ በሸክላ ከተተካ በኋላም ዘዴው አልሞተም። የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በ1983 የጀመረው ምርምር፣ በሰሙ ቦታ ወርቅ በማፍሰስ ፈንታ በሙቀት የለሰለሰ ሸክላ በግፊት እንዲገባ አደረገ። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት የሊትየም ዳይሲሊኬት ሸክላ ሰሙ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ሸክላውም ከ900 ዲግሪ በላይ ግሎ ይጨመቃል። እንደዚሁም በመስከረም 1985 በዚያው በዙሪክ በኮምፒዩተር የታቀደና በመሣሪያ የተፈለፈለ የመጀመሪያው የጥርስ ሙሌት በታካሚ ላይ ተሠራ። ከዚህ የተነሣ ሰሙን ራሱን በኮምፒዩተር ነድፎ መፈልፈል፣ ወይም በሰም ፈንታ ሬዚን ማተም የተለመደ ሆኗል።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይነሣል። የእጅ ሰም ርካሽ ነው፤ የጥርስን ተራራና ሸለቆ ለሠሪው ጣት ያስተምራል፤ መብራት ሲቋረጥም አይቆምም። ነገር ግን ሰም በሙቀት እጅግ የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ፣ ተቀርጾ ሲቆይ ይጣመማል፤ የሠሪውም ድካም በሥራው ላይ ይታያል። ኮምፒዩተር የሽፋኑን ውፍረት በቁጥር ይወስናል፤ ሥራው ቢበላሽ ያንኑ ቅርጽ መልሶ ያወጣል። ሆኖም የታተመው ሬዚን እንደ ሰም ቀልጦ ስለማይፈስስ፣ ከመቃጠሉ በፊት ተለጥጦ ቅርጹን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ አመድም ሊተው ይችላል። ስለዚህ የምድጃው ሙቀትና ጊዜ በቁሳቁሱ ልክ መወሰን አለበት።

ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ምድጃ ይገባሉ። ሰሙን እጅ ቢቀርጸው ወይም መሣሪያ ቢፈለፍለው፣ ጠርዙ በጥርሱ ላይ የሚገጥመው የድብልቁ መለጠጥና የሚተካው ቁስ መኮማተር ሲመጣጠኑ ብቻ ነው። ከታጋርት በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች በብዙ ድካም የገለጡት ወርቅ ይህ ነው። ይህን ሳያውቅ በኮምፒዩተር የሚነድፍ ባለሙያ ሽፋኑ አልገጥም ሲለው ስሕተቱን በማያው ላይ ሲፈልግ ይኖራል፤ በእጁ ብቻ የሚመካውም እንዲሁ ምክንያቱን ሳያገኝ ይቀራል።

ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ይህን ሙያ የሚያስተምር ሰው ተማሪው አስቀድሞ በእጁ ሰም እንዲቀርጽ፣ ቀጥሎ በኮምፒዩተር እንዲነድፍ፣ የሁለቱንም ውጤት በአንድ ጥርስ ላይ አስቀምጦ እንዲለካ ቢያደርግ ይጠቅመዋል። የተለካው ሁሉ፣ የተበላሸውም ጭምር፣ ተጽፎ ለሙያ ጓደኞች መቅረብ ይገባዋል። በዴኒሰን የተጻፈው ጽሑፍ ዐሥር ዓመት ተረስቶ ባይቀመጥ ኖሮ፣ ብዙ ታካሚዎች ከመዶሻው ምት ቀደም ብለው ባረፉ ነበር።