የባሩድ ኀይልና የዓፄ ቴዎድሮስ ትጋት

ኀይል በመጠን ሲያዝ ይሠራል፤ መጠን ሲያጣ ግን መያዣውን ይሰብራል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፥ በቡና አገር ያደገ ልጅ ይህን ከምድጃው አጠገብ ተምሮታል፤ እሳቱ በልክ ሲሆን ቡናው ይፈላል፥ እሳቱ ሲበዛ ግን ቡናው ገንፍሎ እሳቱን ራሱን ያጠፋዋል። የባሩድም ነገር እንደዚሁ ነው። ከድኝ፥ ከከሰልና ከባሩድ ጨው የሚሠራው ይህ ዱቄት በሜዳ ቢቃጠል ጢስ ሆኖ ይቀራል፤ በጠባብ ስፍራ ሲዘጋበት ግን ጢሱ መውጫ ፍለጋ ከባዱን ነገር ሁሉ ይገፋል። በመድፍ ውስጥ ጥይቱን ወደ ፊት ይወረውራል፤ በሮኬት ውስጥ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሲወጣ ቀፎውን ራሱን ወደ ፊት ያስኬደዋል። ስለዚህ ከባድ ነገርን የማንሣት ኀይል የሚገኘው ከባሩዱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከመያዣው ጥንካሬ፥ ከቀዳዳው ልክና ከሠራተኛው ጥንቃቄም ነው።

ይህን ጥበብ በኢትዮጵያ ለመትከል እጅግ ከደከሙት ነገሥታት አንዱ ዓፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ገና ደጃች ካሣ ሲባሉ፥ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው በመድፍ ተሸነፉ። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመልስ ያን ቀን ተረዱ። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላም፥ ወንጌልን ለማስተማር ከባዝል አጠገብ ከክሪሾና የመጡትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች፥ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን፥ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። እነዚያ ሰዎች የመድፍ ሥራ አልተማሩም ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍም ንጉሡ ተስፋ አልቈረጡም፤ እንደ ገና እንዲሞከር አዘዙ። በ1859 ዓ.ም. አፉ እንደ ሙቀጫ የሰፋ፥ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነ ታላቅ መድፍ ተሠራ፤ ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ።

በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ይህን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ገደሉን እየቈፈሩ፥ መንገዱን እየጠረጉ፥ በብዙ መቶ ሰዎች እያስጐተቱ፥ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ነገር ግን ብረቱን በትዕግሥት ያሠሩት ንጉሥ የልባቸውን ቍጣ መያዝ አልቻሉም። ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ ስላጣ ቆንሲሉን አሰሩ፤ ጐንደርን አቃጠሉ፤ ሕዝቡም ሸፈተባቸው። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ብዙ እስረኞች ወደ ገደል እንዲጣሉ አደረጉ።

በማግሥቱ በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሆነ። እንግሊዞች በበቅሎ ጭነው ያመጡትን ሮኬት ይተኵሱ ነበር። ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ጕርሻው ከልክ ስላለፈ በመጀመሪያው ተኵስ ፈነዳ። ያ ሁሉ ሕዝብ የደከመበት ሴባስቶፖልም በውጊያው አልተተኰሰም። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ፥ ከእንግሊዝ ጦር የቈሰሉት 20 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚያም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ሚያዝያ 6 ቀን ዓፄ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ተራራ ላይ ይታያል። የሚያየው ሰው ሁለት ነገር ይማራል። ፊተኛው፥ ያልተማረ እጅ እንኳ ደጋግሞ ቢሞክር ታላቅ ሥራ ሊፈጽም መቻሉ ነው። ሁለተኛው፥ መድፍ ልኩን የሚያውቅ አጉራሽ እንደሚያስፈልገው፥ ጕልበትና ሥልጣን ያለው ሰውም የቍጣውን ልክ ማወቅ የሚገባው መሆኑ ነው። ልጆች ሆይ፥ ኀይላችሁ እንዲጨምር ብትፈልጉ አስቀድማችሁ መያዣውን አጽኑ፤ የኀይል መያዣው ትዕግሥት ነውና።