ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ የአንድ ጀግና ሕይወትና የአካል ጉዳተኞች ሕጋዊ መብት

ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ አቃቂ ቃሊቲ የሚወርድ ሰው የቅዱስ ዮሴፍን ቤተ ክርስቲያን አልፎ ይሄዳል። በዚያ ቅጥር ግቢ የሻምበል አበበ ቢቂላ መቃብር ይገኛል። እኛ የሕግ ባለሞያዎች በሥራ ላይ ጉዳት ስለ ደረሰባቸው የፋብሪካ ሠራተኞች ለመከራከር ወደ አቃቂ በምንመላለስበት ጊዜ ሁሉ በዚሁ ሥፍራ እናልፋለን። በመዝገባችን ውስጥ ጣቱን ወይም ክንዱን ማሽን የወሰደበት ሠራተኛ አለ፤ ዓይኑን የብረት ፍንጣሪ ያጠፋበትም አለ። መዝገቡን ይዘን በምናልፍበት መንገድ ዳር ደግሞ በእግሩ ዓለምን ያስደነቀ፣ በመጨረሻም በእግሩ መቆም የተሳነው ሰው አርፏል።

የአበበ ቢቂላ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ሆኖም አብዛኛው ጽሑፍ በሮማና በቶኪዮ ድሎቹ ላይ ስለሚያተኩር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የኖረባቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት እንደ አሳዛኝ መደምደሚያ ብቻ ሲጠቀሱ ይታያል። ለእኛ ለሕግ ሰዎች ግን እነዚያ ዓመታት የታሪኩ ዋና ክፍል ናቸው። አንድ ሰው አካሉ በተጎዳ ጊዜ ከአገሩ ሕግ ዘንድ ምን መብት እንደሚያገኝ በግልጽ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና።

ልደቱና አነሣሡ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። የልጅነት ዘመኑን እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ አሳለፈ፤ በገና ጨዋታም ይታወቅ ነበር። ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ተሰጥኦውን ተመልክተው ለረጅም ርቀት ሩጫ አዘጋጁት። በ1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ጋብቻ ፈጸመ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለትም በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ የማራቶን ውድድር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ውድድሩ ፀሐይ ስትጠልቅ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ተፈጸመ። አበበ ተወዳዳሪውን ጥሎ የሄደው፣ ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ከአገራችን ወስዳ በዚያች ከተማ ባቆመችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ባለፈ ጊዜ ነበር። ለጥቁር አፍሪቃዊ ይህ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው።

የሕግ ባለሞያ ይህን ቀን ሲያስብ አንድ ግጥምጥሞሽ ሊዘነጋ አይገባውም። በአዋጅ ቁጥር 165/1952 የወጣውና በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥራ ላይ የዋለው በማግሥቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ልክ በሳምንቱ፣ መስከረም 8 ቀን፣ በዚያችው በሮማ ከተማ 400 ያህል አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ከ23 አገሮች ተሰብስበው ኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የተቆጠረውን ውድድር ጀመሩ። አበበ በሮማ አደባባይ ድል ባደረገ በአሥር ቀን ውስጥ፣ ኋላ በሕይወቱ የሚያገኛቸው ሁለቱም ነገሮች ተከፍተው ነበር ማለት ነው፤ አንዱ የአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላው የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርት። በዚያን ጊዜ ግን ሦስቱን ያገናኘ ማንም አልነበረም።

ከድል ወደ አደጋ

ከሮማ እንደ ተመለሰ ብዙም ሳይቆይ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተደረገ። ሙከራውን የመራው የክብር ዘበኛ ስለ ነበር አበበም ተይዞ ከተመረመረ በኋላ ተለቀቀ። ከዚህ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች እየሮጠ አሸነፈ። በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በጠቅላላው ከሮጣቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን አሸንፏል። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አቋረጠ፤ ድሉንም ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወሰደው። በውትድርናውም እስከ ሻምበልነት ማዕርግ ደረሰ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። አበበም በውስጧ ተይዞ አደረ፤ የተገኘውም በማግሥቱ ጠዋት ነው። አከርካሪው ተጎድቶ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ሳምንት ያህል ቆይቶ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል በአውሮፕላን ተወሰደ።

ይህ ሆስፒታል ተራ የሕክምና ቦታ አልነበረም። የአከርካሪ ጉዳት ክፍሉን በጦርነቱ ዘመን ያቋቋሙት ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው ሞቱን የሚጠብቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። እርሳቸው ግን በሽተኛውን በሥራና በስፖርት ወደ ማኅበራዊ ኑሮ መመለስ እንደሚቻል አስረዱ፤ በ1940 ዓ.ም. መጨረሻም በሆስፒታሉ ሜዳ የጀመሩት የቀስት ውድድር በዓመታት ውስጥ እያደገ እስከ ሮማው ጉባኤ ደረሰ። አበበ በዚህ ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ቀስ በቀስ ኃይላቸውን አገኙ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱለትም።

ተሽከርካሪ ወንበርና ሕጉ

ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ አበበ ከቤተ መንግሥት እስከ ተራው ሕዝብ ድረስ የተከበረ ሰው ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል። የተደረገለት ሁሉ የተደረገለት በሕግ ነውን? አይደለም። በአውሮፕላን የተላከው፣ የታከመውና የተደገፈው በዝናውና በንጉሠ ነገሥቱ በጎ ፈቃድ ነው። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ዓይነት አደጋ አከርካሪው የተሰበረ አንድ የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ ቢኖር ኖሮ ስቶክ ማንደቪልን በስሟም አያውቃትም ነበር። ችሮታ ለተመረጠው ሰው ይደርሳል፤ መብት ግን ለማንም ሰው እኩል ነው።

የጊዜው ሕግ ስለ አካል ጉዳተኛ የሚናገረው ጥቂት ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ካልተከለከለ በቀር ሕጋዊ ተግባሮችን ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። ወረድ ብሎ በአንቀጽ 340 ግን መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ዓይነ ስውራንና ሌሎችም በዘላቂ የአካል ድክመት ምክንያት ራሳቸውን ለመጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ለማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች ለአእምሮ ሕመምተኞች የተሠራውን ጥበቃ ለጥቅማቸው ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይገልጻል። ሐሳቡ የደግነት ቢሆንም፣ አካል ጉዳተኛው ከለላ የሚያገኘው አቅመ ቢስ መሆኑን አምኖ ሲቀርብ ነው። አንቀጽ 1728ም የዓይነ ስውርና ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንዳያስገድደው ያደርጋል። ማታለልን ለመከላከል የተሠራው ይህ ድንጋጌ ዓይነ ስውሩ ጠበቃና ዳኛ እስከ መሆን በደረሰበት ዘመን ሳይቀር ፊርማውን ከሌላው ሰው ፊርማ ያነሰ አድርጎ የሚያስቆጥር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ በአገራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ የወጣ ቀደምት ሕግ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ትርጓሜው ሊመረመር የሚገባው ነው። በትእዛዙ መሠረት አካል ጉዳተኛ የሚባለው በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ ያልቻለና ረዳት የሌለው ሰው ነበር፤ በዕድሜው ማነስ ወይም በእርጅና ምክንያት መሥራት ያልቻለውም በዚሁ ተጨምሯል። በሌላ አነጋገር ሕጉ አካል ጉዳትንና ድህነትን በአንድ ሚዛን አስቀምጧል። መሥራት የሚችልና መሥራት የሚፈልግ፣ ነገር ግን በደረጃ ወይም በጭፍን ጥላቻ የተከለከለ ሰው በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

አበበ ራሱ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ የሚገባ ሰው አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተመልሶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ትእዛዙ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1971፣ በሚያዝያ ወር፣ በኖርዌይ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር 25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ተንሸራታች ግልቢያ ገብቶ ከአሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ጨረሰ። በረዶ በማያውቀው አገር የተወለደ ሰው በበረዶ ላይ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻም በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው። አገሩ ግን ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን ሥራ፣ መንገድና ሕንፃ ገና አላዘጋጀችም ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ከዚያ አደጋ ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱና 65 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ተገኝተዋል።

ከእርሱ በኋላ

ከሞቱ በኋላ የሕጉ መንገድ ረጅም ነበር። አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት እንዳላቸው በቀጥታ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 101/1986 የወጣው ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያና ርዳታ እንዲመድብ ተደነገገ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የቀደመውን አዋጅ ተክቶ ይበልጥ ጥብቅ ሆነ፤ አሠሪው ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ አስገደደ፣ አድልዎ ደረሰብኝ የሚለው ሰው በሚከስበት ጊዜም የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው አዞረ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ታላቅ መሣሪያ ነው፤ አሠሪው ሰነዱን በእጁ ይዞ ሳለ ከሳሹን አስረዳ ማለት ብዙ መዝገብ ያዘጋ ነበርና። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአገራችን ሕግ ክፍል ሆነ። በስፖርቱም፣ ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. በለንደን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳይ፣ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ የመጀመሪያውን ወርቅ አገኘች።

እንግዲህ የቀረው ሥራ የእኛ ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው ሲናገር፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰውን በፍርድ የመከልከልን ሥርዓት ይዞ ቆይቷል። ሁለቱን ማስታረቅ የሕግ አውጪው ብቻ ሳይሆን በየችሎቱ የምንቆመውም ሰዎች ግዴታ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት መዝገብ ሲቀርብልንም ጉዳዩን በካሳ ሒሳብ ብቻ መዝጋት አይገባንም። ካሳው የጠፋውን ክንድ ይመለከታል፤ የቀረው ክንድ ሥራ እንዲያገኝ የሚያደርገው ግን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ ካሳ አስከፍሎ ማሰናበት እንደ ድል ሲቆጠር የቆየው፣ ሁለተኛውን መብት ባለመጠየቃችን ነው።

ወደ አቃቂ ስንወርድ ከቅዱስ ዮሴፍ ዘንድ የምናልፈው የአንድ ሯጭ መቃብር ብቻ አይደለም። ዝና ያለው ሰው በችሮታ ያገኘውን፣ ዝና የሌለው ሰው በሕግ እንዲያገኘው የማድረግ ዕዳ በዚያ ተቀምጧል። ዕዳውን የምንከፍለው በሐውልቱ ሥር አበባ በማኖር ሳይሆን በእጃችን ያለውን መዝገብ ይህን መብት ጠይቀን ወደ ችሎት በማቅረብ ነው።