ሐራልድ ቦር፦ ከኳስ ሜዳ እስከ ጥቁር ሰሌዳ

በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን ይዘንላችሁ የቀረብነው ሰው ዴንማርካዊው ሐራልድ ቦር ነው። ቦር የሚለውን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ትምህርት ነው፤ የአቶምን ሞዴል ካቀረበው ከኒልስ ቦር። ሐራልድ የኒልስ ታናሽ ወንድም ነው። በወጣትነታቸው ዘመን ግን በአገራቸው ሕዝብ ዘንድ ይበልጥ ስሙ የሚነሳው ታናሹ ነበር፤ ምክንያቱም ሐራልድ ኳስ ተጫዋች ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐራልድ ሚያዝያ ወር 1887 በኮፐንሃገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ክርስቲያን ቦር በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። እናቱ ኤለን አድለር ደግሞ የአይሁድ ዘር ካለው የባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ይህ የእናቱ ዘር ኋላ ላይ ከአገር እንዲሰደድ ምክንያት ሆኖበታል። ሁለቱ ወንድማማቾች አካዴሚስክ ቦልድክሉብ ለተባለው የምሁራን ክለብ ተሰልፈዋል፤ ኒልስ በረኛ፣ ሐራልድ የመሃል ሜዳ ተጫዋች። ሐራልድ ለክለቡ መጫወት የጀመረው ገና በ16 ዓመቱ ሲሆን በ1904 ሒሳብ ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ ሲካሄድ ዴንማርክ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ቡድኗን ይዛ ቀረበች፤ ሐራልድም አብሮ ተሰለፈ። ቡድኑ በመጀመሪያው ግጥሚያ የፈረንሳይን ሁለተኛ ቡድን 9 ለ 0 ሲያሸንፍ ከጎሎቹ ሁለቱን ያስቆጠረው እሱ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ደግሞ ዋናውን የፈረንሳይ ቡድን 17 ለ 1 ረቱ። በፍጻሜው በታላቋ ብሪታንያ 2 ለ 0 ተሸንፈው የብር ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። ሐራልድ በአንድ ጊዜ በአገሩ የታወቀ ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ዓመታቱን እንቁጠር። ሜዳሊያውን ያገኘው በ1908 ነው፤ የማስተርስ ዲግሪውን በ1909፣ ዶክትሬቱን በ1910። የዶክትሬት ጽሑፉን ለመከላከል በቀረበበት ዕለት በአዳራሹ ከሒሳብ ሰዎች ይልቅ የኳስ ደጋፊዎች በዝተው እንደነበር ይነገራል። ርዕሱ የዲሪክሌ ተከታታዮች የሚባሉትን የሚመለከት ስለነበር አብዛኛው ታዳሚ የገባው ነገር ነበር ብለን አናስብም። ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፦ ዝናው ከትምህርቱ አላናጠበውም፤ ትምህርቱም ከሜዳው አላስቀረውም።

ከዚያ በኋላ በዘመኑ የሒሳብ መዲና ከነበረችው ከጀርመኗ የጐቲንገን ከተማ ጋር ግንኙነቱ ጠበቀ። እዚያ ከሚያስተምረው ከኤድሙንድ ላንዳው ጋር ለዓመታት አብሮ ሠራ። ሁለቱ በ1914 ያወጡት ውጤት የሪማንን ግምት የሚመለከት ነው። ሪማን በ1859 የዜታ ፈንክሽን ዋና ዋና ዜሮዎች ሁሉ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ይገኛሉ ብሎ ነበር። ቦርና ላንዳው ከእነዚህ ዜሮዎች አብዛኞቹ ወደ መስመሩ እጅግ የቀረቡ መሆናቸውን አረጋገጡ። ግምቱ ራሱ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

በ1915 ሐራልድ በኮፐንሃገን የፖሊቴክኒክ ተቋም የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህ መሐንዲሶች የሚሠለጥኑበት፣ ዛሬ የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ነው። እዚያ 15 ዓመት አስተማረ። ከባልደረባው ከዮሐንስ ሞለሩፕ ጋር ለተማሪዎቹ የካልኩለስና የአናሊሲስ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ። ዛሬ የቦር–ሞለሩፕ ቲዎረም የሚባለውና የጋማ ፈንክሽንን ልዩ መለያ የሚሰጠው ውጤት መጀመሪያ የታተመው በዚሁ የምህንድስና ተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ፣ በ1922 ነው። በዚያው ዓመት ኒልስ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ሐራልድን በሒሳብ ዓለም ይበልጥ ያስታወሰው ሥራ ከ1924 እስከ 1926 ተከታትሎ ወጣ። ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሁለት መብራቶች አሉ እንበል። አንዱ በየሴኮንዱ፣ ሌላው የ2 ስኩዌር ሩት በሆነ ሴኮንድ ልዩነት ብልጭ ይላሉ። አንዴ አብረው ብልጭ ካሉ በኋላ ዳግመኛ በትክክል አይገጣጠሙም። ታግሰን ከጠበቅን ግን በጣም ተቀራርበው የሚበሩበት ጊዜ ይመጣል፤ ደጋግሞም ይመጣል። ቦር እንዲህ በትክክል ሳይሆን በጥቂት ልዩነት ራሳቸውን የሚደግሙ ፈንክሽኖችን አጠና፤ የፈለግነውን ያህል በተጠጋ መጠን በቀላል ሞገዶች ድምር ሊገለጹ እንደሚችሉም አረጋገጠ። ኦልሞስት ፒሪዮዲክ ፈንክሽን የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

በ1930 ወደ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጀርመን ውስጥ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፤ አይሁዳውያን መምህራንም ከዩኒቨርሲቲዎች ይባረሩ ጀመር። በኅዳር 1933 ጐቲንገን ውስጥ ተማሪዎች የላንዳውን ክፍል በር ዘግተው ትምህርቱን አስቀሩ። ከመሪዎቹ አንዱ ኦስቫልድ ታይሽሙለር ራሱ ድንቅ የሒሳብ ችሎታ የነበረው ተማሪ ነበር። ላንዳው ከዚያ በኋላ ማስተማሩን ተወ። በቀጣዩ ዓመት የበርሊኑ ፕሮፌሰር ሉድቪግ ቢበርባህ ሒሳብም በዘር ይለያያል እያለ የተማሪዎቹን ድርጊት በአደባባይ ደገፈ።

ሐራልድ ዝም አላለም። በዴንማርክ ጋዜጣ ላይ በስሙ ጽፎ የቢበርባህን ሐሳብ ተቃወመ። ቢበርባህም በጀርመን የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ላይ በግልጽ ደብዳቤ አጠቃው። ሐራልድ ግን በመጻፍ ብቻ አልተወሰነም። ከኒልስና ከሌሎች ዴንማርካውያን ጋር ሆኖ በ1933 የተሰደዱ ምሁራንን የሚረዳ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በውጭ ለሚያውቃቸው ሊቃውንትም እየጻፈ ለተባረሩት ሥራ ያፈላልግ ነበር። ኮፐንሃገን ከተጠለሉት አንዱ ቬርነር ፌንሄል ነው፤ ኦፕቲማይዜሽን የተማሩ ተማሪዎች ስሙን ያውቁታል።

ጦርነቱ ዴንማርክም ደረሰ። በ1943 መባቻው ላይ ሳይሆን ወደ መጨረሻው፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ጀርመኖች በዴንማርክ የሚገኙ አይሁዳውያንን ለመያዝ ሲነሱ ከ7,000 በላይ ሰዎች በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው ስዊድን ገቡ። ለስደተኞች መጠለያ ሲፈልግ የኖረው ሐራልድ ራሱ ስደተኛ ሆነ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ።

በ1950 አሜሪካ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ የፊልድስ ሜዳሊያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ተሸላሚዎቹ ኖርዌያዊው አትለ ሴልበርግና ፈረንሳዊው ሎራን ሽዋርትዝ ነበሩ። ሽዋርትዝ በጦርነቱ ዘመን አይሁዳዊ በመሆኑ ስሙን ቀይሮ የኖረ ሰው ነው። ሐራልድ የሁለቱን ሥራ ለጉባኤው አቀረበ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በጥር 1951፣ በ63 ዓመቱ ኮፐንሃገን ውስጥ አረፈ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ታሪክ ጊዜን መጠቀም መማር ይቻላል፤ ኳስና ጥናት እንደማይጣሉም እንዲሁ። እኛ ግን ከሁሉ በላይ የጐቲንገንን በር እንድታስቡት እንፈልጋለን። በሩን የዘጉት እንደ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ጎበዝ ተማሪም ነበረበት። ጉብዝናው ከበደል አላዳነውም። ሐራልድም ጎበዝ ነበር፤ ሜዳም ሰሌዳም ያተረፉለትን ስም ግን በር ለተዘጋባቸው ሰዎች አዋለው። እውቀትም ዝናም አማና ናቸው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰው በዘሩ ወይም በማንነቱ ሲገፋ ብናይ፣ ከበሩ በየትኛው ወገን እንደምንቆም ዛሬውኑ እንወስን።