ንጉሡን እምቢ ያለችው መነኩሴ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ወረታ የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ወንዝ ሲሻገር የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል። ዐይኑ በሩዙ ማሳና በከብቱ መንጋ ላይ ስለሚያርፍ፣ በስተግራው በጣና ዳር ቆራጣ የምትባል ጥንታዊ መንደር ትቶ እንዳለፈ ልብ አይልም። ቆራጣ የወለተ ጴጥሮስ ደብር ናት። ይህቺ ሴት ከአራት መቶ ዓመት በፊት የአገሪቱን ንጉሥ፣ የገዛ ባሏንና ከሮም የተላኩትን ካህናት በአንድነት እምቢ ያለች ናት።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች። የተዳረችውም ለትልቅ ሰው ነው። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ አማካሪ ሲሆን፣ መኖሪያቸውም ስማዳ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ ወዲህ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ።

በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ በሃይማኖት ጉዳይ ይታመስ ነበር። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋ አዋቂና ሰው አክባሪ ስለነበር የሱስንዮስን ልብ ማረከ። ንጉሡ ፊታቸውን ወደ ሮም ሲያዞሩ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን አወገዙ። የንጉሡ አማች ዮልዮስም ሸፈተ። በ1617 በተደረገው ጦርነት ዮልዮስም አቡኑም ተገደሉ። በአቡኑ ሞት የባሏ እጅ እንዳለበት ወለተ ጴጥሮስ ስትሰማ ትዳሩ አበቃ። ቤቷን ጥላ ወጥታ በጣና አካባቢ መነኮሰች። ባሏንና ልጇን ትታ የመጣችው እኅተ ክርስቶስም እስከ ዕለተ ሞቷ ያልተለየቻት ጓደኛዋ ሆነች።

ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በእርሱ እግር የተተካው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1626 ደንቀዝ ሲደርስ ግን ነገሩ ሁሉ መልኩን ለወጠ። የተጠመቀው ሕዝብ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደ አዲስ እንዲባረኩ ታዘዘ። የቀዳሚት ሰንበትና ግዝረት ተከለከሉ። ከሺህ ዓመት በላይ ክርስቲያን የነበረ ሕዝብ ክርስትናው እንዳልነበረ ተቆጠረበት። ቁስሉ ከዶግማው ክርክር ይልቅ እዚህ ላይ የጠለቀ ይመስላል።

ወለተ ጴጥሮስ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረች ሕዝቡ አዲሱን ሃይማኖት እንዳይቀበል፣ በቅዳሴም የንጉሡ ስም እንዳይነሳ አስተማረች። በዚህም ሁለት ጊዜ ተይዛ ችሎት ቀረበች። በመጀመሪያው ዘመዶቿ አማልደው አስለቀቋት። በሁለተኛው ሜንዴዝና ባልንጀሮቹ አስተምረው እንዲመልሷት ተሰጠቻቸው። አልተመለሰችም። በመጨረሻም በሱዳን ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ በረሃማው ዠበይ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ግዞቱ ግን ዝም አላሰኛትም። ከሩቅ አገር ተከትለዋት የመጡ ሰዎች በዙሪያዋ ተሰበሰቡና የመጀመሪያው ማኅበሯ እዚያው ተመሠረተ። በሕይወቷ ዘመን ማኅበራቱ ሰባት ደርሰዋል። ወንድም ሴትም መነኮሳት የነበሩባቸው ሲሆኑ የሁሉም አስተዳዳሪ እርሷ ነበረች።

በሰኔ 1632 ንጉሡ የላስታን ዐማፅያን ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ። በሜዳው ላይ የወደቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የራሳቸው ዜጎች፣ እንደ እርሳቸውም ክርስቲያኖች ነበሩ። ሱስንዮስ አዋጃቸውን ሽረው፣ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚያው ዓመትም ዐረፉ። ወለተ ጴጥሮስ ከድሉ በኋላ አሥር ዓመት ኖራ ኅዳር 17 ቀን (በ1642) በሃምሳ ዓመቷ ዐረፈች። ገድሏ በ1672 በግዕዝ ተጻፈ። በ2015 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የዓለም ምሁራን መነጋገሪያ ሆኗል።

ታሪኩ በአሸናፊና በተሸናፊ ብቻ አይዘጋም። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። በ1638 ደግሞ አጋታንጅና ካስያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች ጎንደር ውስጥ ተሰቀሉ። ሮም ሁለቱን በ1905 ብፁዓን ብላ ሰይማቸዋለች። እኛ በቅድስና የምናስባት ወለተ ጴጥሮስ አለችን፤ እነርሱም በሰማዕትነት የሚያስቧቸው አሏቸው። ሁለቱም ወገን የሚያለቅስለት ሙት አለው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ከሜንዴዝ መንገድ ርቃ ሄዳለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ባወጣው ድንጋጌ የምሥራቅ ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች የየራሳቸውን ሥርዓት ጠብቀው እንዲኖሩ አጽንቷል። ዛሬ ብዙ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች የሚቀድሱት በግዕዝ ሥርዓት ነው። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ2000 የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች በእውነት ስም ስለፈጸሙት ግፍ ይቅርታ ለመኑ። ፍራንሲስ በ2022 ካናዳ ድረስ ሄደው የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቋንቋቸውና ከባህላቸው ስለተነጠሉባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይቅርታ ጠየቁ። በእርግጥ የካናዳው በደል ከእኛው ይለያል። እዚያ ቅኝ ገዢ ነበረ፤ እዚህ ግን በሩን የከፈተው የራሳችን ንጉሥ ነው። የሌላውን እምነትና ባህል እንደ ባዶ ዕቃ መቁጠሩ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

አቡነ ጳውሎስ በ1993፣ አቡነ ማትያስ በ2016 ቫቲካን ሄደው ከሮም ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ጋር ተገናኝተዋል። በ2015 የባሕር ዳር ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም ሰይፍ የመዘዘ ወገን አልነበረም። በሱስንዮስ ዘመን በጣና ዙሪያ እንዲህ ያለ ነገር ሊታሰብ አይችልም ነበር።

እርቅ ማለት መርሳት አይደለም። ወለተ ጴጥሮስን የሚያከብር ኦርቶዶክሳዊ በጎንደር ስለተሰቀሉት ሁለት መነኮሳት ቢያውቅ፣ ካቶሊኩም የዠበይን ግዞት በገድሏ ቢያነብብ ሃይማኖታቸው አይጎድልባቸውም። ሱስንዮስ በወይና ደጋ ሬሳ መካከል ቆመው ዘግይተው የተረዱት ነገር ይኸው ነው፤ እምነት በአዋጅ አይገባም፣ በአዋጅም አይወጣም።