ከድብርት ጋር እየታገሉ አገር የመሩት አብርሃም ሊንከን

16ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የእርስ በርስ ጦርነቱን በመምራትና የባርነት ሥርዓት እንዲወገድ በማድረግ በዓለም ታሪክ ይታወቃሉ። ከከባድ ድብርት ጋር ለረጅም ዓመታት የታገሉ ሰው መሆናቸው ግን እምብዛም አይነገርም።

እ.ኤ.አ. በ1809 በኬንታኪ ግዛት ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የተወለዱት ሊንከን እናታቸውን በሞት ያጡት በዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በ1835 ደግሞ አን ራትሌጅ የተባለች የሚቀርቧት ወጣት ስትሞት በደረሰባቸው ጥልቅ ሐዘን የተነሣ ጎረቤቶቻቸው በቅርብ ይጠብቋቸው እንደነበር በጊዜው የነበሩ ሰዎች መስክረዋል።

የባሰው ጊዜ የመጣው በ1841 መጀመሪያ ላይ ነው። በወቅቱ የ31 ዓመት ጠበቃና የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበሩ። ከሜሪ ቶድ ጋር የነበራቸው የጋብቻ ስምምነት ፈረሰ፤ ለዓመታት በአንድ ክፍል አብረዋቸው የኖሩት ወዳጃቸው ጆሹዋ ስፒድ የሱቅ ድርሻቸውን ሸጠው ወደ ኬንታኪ ለመመለስ ተነሡ፤ በምክር ቤቱ የደገፉት የባቡር ሐዲድና የቦይ ግንባታ ዕቅድም ከሽፎ ግዛቲቱን ለከባድ ዕዳ ዳረገ። እነዚህ ለውጦች ሲደራረቡባቸው ሊንከን ታመው ከምክር ቤቱ ስብሰባዎች ለቀናት ቀሩ። ስፒድም ምላጭና ሌሎች ስለታም ነገሮችን ከአጠገባቸው አራቁ።

ሊንከን ሕመማቸውን አልደበቁም። ዋሽንግተን ለነበሩት የጥብቅና ባልደረባቸው ያሉበትን ሁኔታ በግልጽ ጻፉ። ሐኪማቸው ዶክተር አንሰን ሄንሪ ከስፕሪንግፊልድ ከተማ እንዳይለቁ በማሰብም የከተማዋ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነው እንዲሾሙ ጠየቁ። በዚያው ዓመት ሉዊቪል አጠገብ በሚገኘው የስፒድ ቤተሰብ እርሻ ለሳምንታት ዐረፉ።

በቀጣዩ ዓመት ስፒድ ከሠርጋቸው በፊት በጭንቀት ሲዋጡ የማጽናናቱ ተራ የሊንከን ሆነ። በተከታታይ በላኩላቸው ደብዳቤዎች ሥራ መፍታትና ከወዳጅ ጨዋታ መራቅ ጭንቀትን እንደሚያባብስ አስረዷቸው። ሊንከን ራሳቸውም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1842 ሜሪ ቶድን አገቡ።

ድብርቱ ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ጦርነቱ በተፋፋመበት በ1862 የ11 ዓመት ልጃቸው ዊሊ በዋይት ሐውስ ሞተባቸው። ፕሬዚዳንቱ ሐዘናቸውን እንደያዙ በሥራቸው ቀጠሉ፤ በዚያው ዓመት የባርነት ነጻነት አዋጅን የመጀመሪያ ረቂቅ ይፋ አደረጉ። በዓመቱ መጨረሻም አባቷ በጦርነት ለሞተባት አንዲት ወጣት፣ ሐዘኑ ከጊዜ ጋር እንደሚቀልላት የሚያጽናና ደብዳቤ ጻፉላት። ሊንከን በ1865 በ56 ዓመታቸው በሰው እጅ ተገደሉ።

ድብርት በምክር አገልግሎትና በመድኃኒት ሊታከም የሚችል ሕመም መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ሊንከን በኖሩበት ዘመን ይህ ሕክምና ባይኖርም፣ ችግራቸውን ለሚያምኑት ሰው መናገራቸውና ከሐኪም አለመራቃቸው እንዲያገግሙ ረድቷቸዋል። የሕይወት ታሪካቸው የሚያሳየው፣ በኃላፊነት ላይ ያለ ሰው መታመሙን መናገሩ ለሥራው ብቁ አለመሆኑን እንደማያመለክት ነው።