ዶክተር ጆን ኬድና የሊቲየም ጨው



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የአርበኞችና የደራስያን ታሪክ ብዙ ጊዜ ይወጣል። እኔ ዘንድሮ ስለ አንድ ሐኪም ልጽፍ ተነሣሁ። ምክንያቱም እኛ ዕድርተኞች ለቅሶ ቤት ስንገባ ሟቹ በምን እንደ ሞተ ጮክ ተብሎ የሚነገርበት አለ፤ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገርበትም አለ። ይህ ሐኪም ዕድሜውን የፈጀው ያንን በሹክሹክታ የሚነገረውን ሕመም ሲያጠና ነው።

ሕመሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስሙን ነው የማናውቀው። ደህና ሲሠራ የኖረ ሰው ድንገት እንቅልፍ ያጣል፤ ሌት ተቀን ይናገራል፤ ገንዘቡን ይበትናል፤ ሁሉን አውቃለሁ ሁሉን እችላለሁ ይላል። ቆይቶ ደግሞ ጥግ ይይዛል፤ እህል አልቀምስም ይላል፤ ሞቱን ይመኛል። ከዚያ እንደ ገና ደህና ይሆናል። ዘመዱ ተሻለው ብሎ ሲደሰት ነገሩ ተመልሶ ይመጣል። ሐኪሞች የሚፈነጥዝበትን ጊዜ ማኒያ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ባይፖላር ይሉታል።

ጆን ኬድ በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር መርቶአ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱም ሐኪም ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው ሲመለሱ መንፈሳቸው ደክሞ ስለ ነበር የግል ሕክምናቸውን ትተው በመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ተቀጠሩ። ቤተ ሰቡም በየሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ኖረ። እንግዲህ ልጁ ያደገው ሌላው ሰው በሩቁ ከሚሸሻቸው በሽተኞች ጋር በአንድ ግቢ ነው ማለት ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሰው ሥራ ግማሹ እዚያ ነው የተጀመረው። ሰው ያልፈራውን ነገር ነው ቀርቦ የሚያየው።

በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1934 ተመረቀ፤ በ1936 እሱም እንደ አባቱ በአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ገባ። ጦርነቱ ሲመጣ በሐኪምነት ዘመተና በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር በጃፓኖች እጅ ስትወድቅ ተማረከ። ቻንጊ በተባለው የምርኮኞች ሰፈር እስከ 1945 ድረስ ሦስት ዓመት ተኩል ቆየ። በረሃቡና በበሽታው መካከል አእምሯቸው የታወከ እስረኞችን ይረዳ የነበረው እሱ ነው። እዚያም አንድ ሐሳብ አደረበት፤ ይኸውም የአእምሮ መታወክ ከሥጋ ሕመም ሊመጣ ይችላል የሚል ነው። በዚያን ዘመን ምክንያቱን በአስተዳደግና በኑሮ ውስጥ የሚፈልጉ ብዙዎች ነበሩ።

ወደ አገሩ ተመልሶ በሜልቦርን አጠገብ ባለው የቡንዱራ ሆስፒታል ተመደበ። ሐሳቡን የወሰደው ከእንቅርት ነው ቢባል ይቻላል። አንገት ላይ ያለው ዕጢ ፈሳሹን ሲያበዛ ሰው ይቅበጠበጣል፤ ሲያሳንስ ይፈዛል። ኬድም ማኒያ ምናልባት በሰውነት ውስጥ አንድ ነገር ሲበዛ የሚመጣ ቢሆንስ ብሎ አሰበ። የበዛ ነገር ካለ ደግሞ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ የበሽተኞችን ሽንት ሰበሰበ። ቤተ ሙከራው የማይሠራበት የወጥ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነበር። የሽንቱን ጠርሙስ ደግሞ ቤቱ ወስዶ ልጆቹ ምግብ ከሚያወጡበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖር ነበር ይባላል። ሚስቱ እንዴት እንደ ቻሉት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ሽንቱን ጊኒ ፒግ በሚባሉ ጅራት በሌላቸው አይጥ መሰል እንስሳት ላይ ወጋ። የማኒያ በሽተኞች ሽንት ከሌላው ይልቅ ቶሎ የሚገድል መሰለው። ገዳዩ ዩሪያ ነው፤ ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዓይነት። ዩሪያውን ምን ያበረታዋል ብሎ ሲፈልግ ዩሪክ አሲድን ጠረጠረ፤ እሱ ግን በውሃ አልሟሟ አለው። በደንብ የሚሟሟው ከሊቲየም ጋር ሲሆን ነው። ሊቲየም ማለት ከጨው ዘመዶች አንዱ፣ ዛሬ በእጅ ስልካችን ባትሪ ውስጥ ያለው ነው። ሲሞክረው መርዙ ጭራሹን ቀነሰ። ሊቲየሙን ለብቻው ሲሰጣቸው ደግሞ እንስሳቱ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ረጋ አሉ፤ በጀርባቸው ሲያስተኛቸው እንደ ወትሮው ሳይወራጩ ዝም ብለው ያዩት ጀመር።

ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ግምቱ ልክ አልነበረም፤ በሽንት ውስጥ የፈለገው መርዝ አልተገኘም። እንስሳቱም የረጉት ሊቲየሙ በዝቶባቸው ታመው ሳይሆን አይቀርም ይባላል። መድኃኒቱ ግን እውነት ሆነ። በስሕተት መንገድ ሄዶ ከትክክለኛው ቤት ደረሰ።

ኬድ ሊቲየሙን አስቀድሞ በራሱ ላይ ሞከረ። ከዚያ በማርች 29 ቀን 1948 ለአንድ የ51 ዓመት ሰው መስጠት ጀመረ። ሰውየው አምስት ዓመት ሙሉ በማኒያ የኖረ፣ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ አስቸጋሪ የተባለ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ተረጋግቶ ወደ አገጋሚዎች ክፍል ተዛወረ፤ በጁላይ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የድሮ ሥራውንም ያዘ። አምስት ዓመት የጠፋ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ሥራ ሲገባ ለዘመዶቹ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት።

ምን ያደርጋል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ መድኃኒቱን ችላ አለው፣ በኋላም ተወው። በ1949 መጀመሪያ እንደ ቀድሞው ታሞ ተመለሰ። ሊቲየም ሲሰጠው እንደ ገና ዳነ። ኬድ በሴፕቴምበር 1949 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ላይ የአሥር የማኒያ በሽተኞችን ታሪክ አውጥቶ ሁሉም እንደ ተሻላቸው ጻፈ። ለሦስት የጭንቀት በሽተኞች ሰጥቶ ምንም እንዳልረዳቸውም አልደበቀም። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን እወድለታለሁ፤ የሠመረውንም ያልሠመረውንም ከነቀኑ ነው የመዘገበው።

ጽሑፉ ግን የወጣው በክፉ ዓመት ነው። በዚያው በ1949 በአሜሪካ አገር ጨው ለተከለከሉ የልብ በሽተኞች ሊቲየም በምግብ ጨው ምትክ ይሸጥ ነበርና ሰዎች ሞቱበት፤ ሽያጩም ተከለከለ። ሰውነት ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየሙን አላስወጣ ብሎ ያከማቸዋል። ተቅማጥ ወይም ብዙ ላብ ውሃና ጨው ሲያሳጣም እንደዚሁ ነው። ኬድ ይጠቀምበት በነበረበት ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን መጠን አይለካም ነበር። በ1950 ያ የመጀመሪያው በሽተኛ፣ ሁለት ጊዜ ከሕመሙ የወጣው ሰው፣ በዚያው ባዳነው ሊቲየም ተመርዞ ሞተ። ጽሑፉ ቀድሞ ወጥቶ ስለ ነበር ሞቱ እዚያ ውስጥ የለም። ኬድም መድኃኒቱን ተወው።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ያዳኑት የሚለኩ ሰዎች ናቸው። እዚያው ሜልቦርን ውስጥ ኖክና ትራውትነር የሚባሉ ከመቶ በላይ በሽተኞችን አክመው፣ በደም ውስጥ ያለውን ሊቲየም እየለኩ በ1951 ጻፉ። በ1954 ደግሞ በዴንማርክ ሞገንስ ሾው የተባለ ሐኪም በጥንቃቄ ፈትኖ እንደሚሠራ አሳየ። የሾው የገዛ ወንድም በጭንቀት ሕመም ይሠቃይ ስለ ነበር ነገሩ የቤት ጉዳይም ነበረበት። በኋላ ከባስትሩፕ ጋር ሆነው ሊቲየም ሕመሙ እንዳይመለስም እንደሚከላከል አሳዩ፤ ወንድምየውም በእሱ ዳነ። አሜሪካኖች በ1970 ፈቀዱት። ማንም በባለቤትነት ሊይዘው የማይችል ተራ ጨው በመሆኑ ነጋዴም አልተሯሯጠለትም። ዛሬ ሊቲየም የሚወስድ ሰው በየጊዜው ደሙንና ኩላሊቱን ይመረመራል፤ የሚጠቅመው መጠንና የሚመርዘው መጠን በጣም ተቀራራቢ ናቸውና። በራስ እጅ የመሞትን አደጋ እንደሚቀንስም ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። መግቢያዬ ላይ ስለ ሹክሹክታ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ኬድ ከ1952 እስከ 1977 የሮያል ፓርክ ሆስፒታል ኃላፊ ሆኖ ሠራ። የሌሎች ማዕድናትን ጨውም ሲሞክር ኖረ፤ ሁለተኛ ሊቲየም ግን አላገኘም። ዓለም ያስታወሰው ዘግይቶ ነው፤ በ1974 ከሾው ጋር ትልቅ ሽልማት ተካፈለ፤ በ1976 መንግሥቱ የክብር ኒሻን ሰጠው። በኖቬምበር 16 ቀን 1980 በ68 ዓመቱ አረፈ።