ፍሳሽ የሚያጠሩ ተህዋስያንን ለይቶ ያወጣው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ

በመጋቢት 1881 ዓ.ም አጼ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ አንድ የ32 ዓመት ሰው ከአፈር ውስጥ ማንም ለይቶ ያላወጣውን ተህዋስ ለማውጣት እየታገለ ነበር። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ይባላል። ገበሬያችን ለማሽላው የሚበትነው ዩሪያ አፈር ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ የከተማ ፍሳሽም እንዴት እንደሚጠራ ለማወቅ መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ኪየቭ ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ፒያኖ ለመማር ሴንት ፒተርስበርግ ገብቶ ነበር፤ ትቶት ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዞረ።

ከሽንትና ከፍግ የሚወጣው አሞኒያ ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ፣ ይህንንም የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ሁለት ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውኃ በአሸዋ አሳልፈው ቀድመው አሳይተዋል። ተህዋስያኑን ለይቶ ማራባት ግን አልተቻለም። ችግሩ ምግቡ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች በጀላቲን ሊቀልቧቸው ሲሞክሩ፣ ቪኖግራድስኪ ማዕድንና አሞኒያ ብቻ ባለበት ውኃ አሳደጋቸው። ጉልበታቸውን ከአሞኒያው፣ ካርቦናቸውን እንደ ተክል ከአየር ያገኛሉ። ሥራውም ቅብብሎሽ ነው፤ አንደኛው ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርጋል፣ ሌላው ተረክቦ ናይትሬት ያደርገዋል። ሁለቱም ያለ አየር አይሠሩም።

በ1905 ጡረታ ወጥቶ ዩክሬን ባለው ርስቱ እርሻ ያዘ። እሱ እዚያ ሳለ፣ በ1914 እንግሊዝ ማንቸስተር ውስጥ አርደርንና ሎኬት የተባሉ ባለሙያዎች ፍሳሽ ውስጥ አየር እየነፉ፣ የዘቀጠውን ጭቃ ሳይደፉ ለቀጣዩ ፍሳሽ እንደ እርሾ ተጠቀሙበት። ወደ 5 ሳምንት ይፈጅ የነበረው የአሞኒያ ለውጥ ከ24 ሰዓት በታች ወረደ። ወንዝ ቢገባ ዓሣ የሚገድለው አሞኒያ በዚህ መንገድ ይወገዳል። ናይትሬቱን ደግሞ አየር በሌለበት ገንዳ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይለቁታል።

ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የሚፈለገው ይህ የመጨረሻ ሥራ ማሳ ላይ ኪሳራ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ክረምት ውኃ በተኛበት ዋልካ መሬት አየር ስለሚጠፋ፣ ናይትሬት የሆነው ዩሪያ በዚሁ መንገድ ይተናል። ውኃው በቦይ ካልተጠነፈፈ ማሽላው ማዳበሪያ ተበትኖለትም ቢጫ ይሆናል።

ቪኖግራድስኪን አብዮቱ ከርስቱ ነቀለው። ከስደት በኋላ በ1922 የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጠራው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ብሪ-ኮንት-ሮበር ላይ አፈር ማጥናቱን ቀጠለ። በ93 ዓመቱ ገደማ የአፈር ተህዋስያን መጽሐፉን አሳተመ። በ1953 አረፈ።